ባለ ቢጫ ቆቡ ሥጋ የተከለከለበት ክረምት

ባለፈው ነሐሴ ለአንድ ጉዳይ ደባርቅ ሄጄ ስልኬ ውስጥ ዝናብ ገባና መናኸሪያው አጠገብ ካለች የስልክ መጠገኛ ሱቅ ጎራ አልሁ። መብራት ጠፍቷል። ጠጋኙ ባንኮኒው ጥግ ላይ ጧፍ አብርቶ፣ የአንዱን ሰው ስልክ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ አቀርቅሯል። ሱቋ የቀለጠ ሰምና የጋለ ፕላስቲክ ትሸታለች። ሁለቱ ሽታዎች አንድ ላይ አፍንጫዬ ሲገቡ እግሬ ቆመ፤ የት እንደማውቃቸው ግን ወዲያው አልመጣልኝም።

ከባንኮኒው ጀርባ ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በስልክ ትጫወታለች። ዜማውን ስሰማ ነው የገባኝ። አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ ያው ቢጫ ቆብ የደፋ ልጅ፣ ያው ከቁመቱ የሚበልጥ በትር። ልጅቱ መንገድ ላይ ያገኘችውን የተጠበሰ የበግ እግር አነሣችና አበላችው። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ያውም በፍልሰታ። እጄ ሳላዝዘው ወደ ስልኩ ተዘረጋ።

«ምነው እትዬ?» አለችኝ።

«ምንም» አልሁና እጄን ሰበሰብሁ። ለልጅቱ ምን ብዬ አስረዳታለሁ?

ያን ክረምት፣ እዚሁ ደባርቅ ስንኖር፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ወንድሜ እንዳለ ስድስት ዓመቱ ነበር። የአባታችን ታናሽ ወንድም አያ ሙሉቀን በጋውን በሙሉ ከቡይት ራስ እየተነሡ ወደ ተራራው ለሚወጡ እንግዶች ምግብ ሲያበስል ይከርምና፣ ዝናብ ገብቶ እንግዳ ሲጠፋ ድስቱን አስቀምጦ እኛ ቤት ይመጣል። በዚያ ዓመት ሲመጣ በኮቱ ኪስ አንዲት የእጅ ጌም ይዞ ነበር። ልጅ ይዘው የመጡ እንግዶች ሲሰናበቱ የሰጡት ነው። ልጁ ጨርሶት ሰልችቶታል አሉ።

«ፊደል ላልቆጠረ ሕፃን የተሠራ ነው፤ ለእናንተማ አንድ ቀንም አይበቃችሁ» አለን አያ ሙሉቀን። ቋንቋውን እሱ በመጠኑ ያነባል፤ እኛ ጨርሶ አናነብም። ቢሆንም ብዙ ማንበብ የሚጠይቅ አልነበረም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ባለ ቢጫ ቆቡ ብርሃን ወደ ጠፋበት ተራራ ይጓዛል። በመንገዱ ጥላ የሚመስሉ ነገሮች ይገጥሙታል፤ በበትሩ ነካ ሲያደርጋቸው ያስነጥሱና ይጠፋሉ። ከላይ በጥግ በኩል ቀያይ ልቦች ተደርድረዋል፤ ጥላዎቹ ቀድመው ከነኩት አንድ ልብ ይጎድላል። ልቦቹ ሁሉ ቢያልቁም አይሞትም። እዚያ አገር የሚሞት ፍጡር የለም። ቁጭ ይልና ያዛጋል፤ ከዚያ መንገዱን ከጀመረበት ቦታ ደህና ሆኖ ይነሣል። ልቡ እንዲሞላለት ከፈለገ መብላት ነው፤ ምግቡ ደግሞ በየመንገዱ ተጥሎለታል፤ የበግ እግር፣ ክብ አይብ፣ ወተት በገንቦ። አልፎ አልፎ ደግሞ ዛፍ ላይ ቀይ ፍሬ ይገኛል።

የሠሩት ሰዎች አገሩን የተረት አገር ለማድረግ የደከሙ ይመስለኛል። ተራሮቹ እስከ ወገባቸው ደመና ውስጥ ናቸው፤ መንገዱ ገደል ለገደል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከደመናው በታች ምን እንዳለ አይታወቅም። ለኛ ግን ይህ በክረምት ከሊማሊሞ አፋፍ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ሰው ሁሉ የሚያየው ነው። ተረት የመሰለን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝናብ አለመዝነቡ። እንዳለ አገሩ ሊማሊሞን ወርደው ከሚያገኟት ከዛሪማ ወዲያ ነው ብሎ ወሰነ። እኔም እንግዶቹ በዚያ በኩል እንደሄዱ ሰምቼ ስለነበር አልተከራከርሁትም።

የምንጫወተው እማሆይ ክፍል ነበር። እማሆይ የአባታችን እናት ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው መንኩሰዋል። ዋልድባ ገዳም ወርደው እዚያው ሊኖሩ ስንቃቸውን ቋጥረው ሳለ አባቴ ታመመና ቀሩ፤ ቀጥሎ እኔ ተወለድሁ፤ ቀጥሎ እንዳለ መጣ፤ እንደ ቀሩ ቀሩ። ሰፈርተኛው የቤት መነኩሴ ይላቸዋል። ይህ ስድብ አይደለም፤ እሳቸው ግን በተባለ ቁጥር ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስቡ ነበር።

ክፍላቸው ከቤቱ ሁሉ የሚሞቅ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ስለሚሠሩ፣ ሰም የሚያቀልጡበት ከሰል ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። የጥጥ ፈትሉን በቀለጠው ሰም ያሳልፉና ሳይደርቅ ጣውላ ላይ በመዳፋቸው እያሽከረከሩ ቀጥ ያደርጉታል። እኛ እግራቸው ሥር ተኮልኩለን፣ ጌሙ እጃችን ላይ እየጋለ፣ ባለ ቢጫ ቆቡን እንነዳለን። መጀመሪያ አካባቢ ዓይናቸውንም አያነሡም ነበር። አንድ ቀን ፈትላቸውን እንደያዙ ወደ እኛ ዘንበል አሉ።

«ይኼ ማነው?»

«ጌም ነው፣ እማሆይ» አልሁ።

«ስሙን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ስም የለውም።»

«ቆቡንስ ማን ደፋለት?»

«ከመጀመሪያውም ደፍቶ ነው የሚመጣው።»

ትንሽ አዩት። «መቋሚያም ይዟል። ብቻውን ነው የሚሄድ? እናት አባት የለውም?»

«እስካሁን አላየንም።»

«ወዴት ነው መንገዱ?»

«ከዛሪማ ወዲያ» አለ እንዳለ።

«እንግዲያማ ዋልድባ መውረዱ ነው» አሉና ወደ ፈትላቸው ተመለሱ። «መነኩሴ ነው።»

እኔና እንዳለ ተያየን። ቢጫ ቆብ፣ በትር፣ ብቸኝነት፣ በረሃ። ማስረጃው ሁሉ ከፊታችን ተቀምጦ ሳለ እኛ ልብ አላልንም ነበር። ልክ በዚያች ደቂቃ መነኩሴው ከጥላ ጋር ተጋጨና እንዳለ እንደ ወትሮው የበግ እግር አበላው። እማሆይ ፈትሉን ጣውላው ላይ አስቀመጡ።

«ቆብ ደፍቶ ሥጋ?»

«ልቡ ጎድሎ ነው፣ እማሆይ።»

«የጎደለ ልብ በሥጋ አይሞላም።»

ሕጉ የወጣው ያን ዕለት ነው። ሥጋ መቼም አይበላም። አይብና ወተት ረቡዕና ዓርብ አይነካም። ፍሬ በማንኛውም ቀን ይፈቀድለታል። እኔ ሕግ የምወድ ልጅ ነበርሁ፤ ትምህርት ቤት ሰልፍ ያጓደለውን ለይቼ የምናገር ዓይነት። ስለዚህ ነገሩን ከእማሆይ በላይ አጠበቅሁት። እንዳለ አንድ ቀን እጁ ስቶ ሥጋ ቢያበላው፣ ጌሙን ነጠቅሁትና ቁጭ ብድግ የሚያደርገውን ቁልፍ ደጋግሜ እየተጫንሁ መነኩሴውን አሰገድሁት። ንስሐው ሲበቃው ጉዞ ቀጠልን።

እማሆይ የታመሙት ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። ውኃ ውኃ ይላቸዋል፤ እግራቸው ይደነዝዛል። እናቴ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸውና ስኳር ነው ተባሉ። የሚውጡት ኪኒን ተሰጣቸው። ባለሙያዋ ለእናቴ አጥብቃ የነገረቻት አንድ ነገር ነው፤ ኪኒኑ ጠዋት ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፤ በባዶ ሆድ ከዋጡት ይጥላቸዋል። ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። በፍልሰታ ደግሞ እማሆይ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ማለትም ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ፣ እህል በአፋቸው አይዞርም።

የንስሐ አባታችን መምሬ ታከለ መጥተው ጉዳዩን ጨረሱት፤ ወይም የጨረሱት መሰላቸው።

«እማሆይ፣ ሰዓቱን ፈትቼዎታለሁ» አሉ። «የጾም እህል በጠዋት ይቅመሱና መድኃኒትዎን ይዋጡ። ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ይኼው ነው።»

«እሺ አባቴ» አሉ እማሆይ፣ መስቀል ተሳልመው።

የኔ ሥራ በዚያው ተወሰነ። እናቴ ማለዳ የምታዘጋጀውን ቁርስ፣ አንዳንድ ቀን ሽሮ፣ አንዳንድ ቀን የተቀቀለ ድንች፣ እኔ ለእማሆይ አደርሳለሁ፤ ሲበሉም አያለሁ። የፍልሰታ የመጀመሪያው ቀን ሳህኑን ይዤ ገባሁ። ኪኒኑን በውኃ ዋጡት። «መድኃኒት ጾም አይሽርም» አሉኝ፣ እኔ የጠየቅኋቸው ይመስል። ከዚያ ሳህኑን ባርከው መለሱልኝ።

«ለእንዳለ ስጭው። እሱ ሰባት አልሞላውም።»

«መምሬ ብሉ ብለዋል እኮ፣ እማሆይ።»

«እሳቸው ፈትተውኛል። እኔ ግን አልታሰርሁም።»

እንዳለ ያን ፍልሰታ ሁለት ሁለት ቁርስ እየበላ ጉንጩ ሞላ። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ የተደበቀ ነገር የለም። እናቴ ትቆጣለች፤ አያ ሙሉቀን ይለማመጣል። እማሆይ ለሁሉም የሚሆን መልስ አላቸው፤ ጠዋት ሲሆን ደግሞ ሳህኑ እንደሄደ ይመለሳል።

በጌሙም ቢሆን ነገር ጠጥሮ ነበር። ፍልሰታ ስለገባ መነኩሴው አይብና ወተቱን ጨርሶ ተወ፤ የቀረችው ያች እዚህም እዚያም ያለች ቀይ ፍሬ ናት። በዚህ ላይ አንድ ድልድይ አጠገብ ደረስን፤ ድልድዩን አንድ ትልቅ እንቅልፋም ጥላ ዘግቶበታል። ያን ነቅንቆ ለማለፍ ልብ ሁሉ ሙሉ መሆን አለበት፤ የኛ መነኩሴ ደግሞ አንድ ልብ ይዞ እየተንገዳገደ ነው የሚደርስ። ይሞክራል፤ ይቀመጣል፤ ያዛጋል። ይነሣል፤ ይሞክራል፤ ይቀመጣል። ሕፃን የሚጨርሰው የተባለው ጨዋታ እንደ ድንጋይ ቆመብን።

እንዲህ ብዙ ጊዜ ከተቀመጠ በኋላ አንዲት አሮጊት ከድልድዩ ሥር ብቅ ማለት ጀመሩ። ጎንበስ ብለው የሚያጤስ ሾርባ በሳህን ይዘረጉለታል፤ አንድ ነገርም በጽሑፍ ይሉታል። ተቀበል ወይም አትቀበል የሚል ምርጫ ይመጣል። እማሆይ በበረሃ ስላሉ ባሕታውያን ሲያወሩን፣ ፈታኙ ባለ ቀንድ ሆኖ ሳይሆን ደግ ሰው መስሎ ምግብ ይዞ እንደሚመጣ ነግረውናል። እኔ አሮጊቷን ገና ሳያቸው አወቅኋቸው። አትቀበል የሚለውን ተጫንሁ። ሄዱ። መነኩሴው እንደገና ሲቀመጥ እንደገና መጡ። እኔም እንደገና መለስኋቸው። በትዕግሥታቸው ብዛት ፈታኝነታቸው ይበልጥ ተረጋገጠልኝ።

አያ ሙሉቀን አንድ ቀን ከበላያችን ቆሞ አየን።

«አሁንም እዚህ ናችሁ? ያ ልጅ እኮ ይኼን ድልድይ ቡይት ራስ ቁርሱን እየበላ ነው የተሻገረው። ለምን አታበሉትም?»

«መነኩሴ ነው» አልሁት። «ደግሞም ፍልሰታ ነው።»

አያ ሙሉቀን የበሩን መቃን ይዞ እስኪታጠፍ ሳቀ። ሌላ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ዓይኑ እናቱ ላይ አረፈ። ጠዋት የመለሱት ሳህን ገና ከጎናቸው ነበር። ሳቁ እዚያው ቆመ።

«አሮጊቷ ምንድን ነው የሚሉት?» አልሁት።

ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ደክሞሃል፤ ይችን ጠጥተህ ሂድ ነው የሚሉት። ሌላ ምንም አላሉም።»

እማሆይ ጧፋቸውን ማሽከርከር አላቆሙም።

በዚያ ሳምንት አንድ ማለዳ ሳህኑን ይዤ ስገባ ፈትሉ ሰሙ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። እማሆይ ግድግዳውን ተደግፈው ፊታቸው በላብ ተጠምቋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «አንች ማነሽ?» አሉኝ። ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። እናቴ ሮጣ መጥታ ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ምን እንደሚጠጡ ሳያውቁ ጨለጡት። ቀስ በቀስ ዓይናቸው ተመለሰ፤ እኔን በስሜ ጠሩኝ። ከዚያ ብርጭቆውን አዩና፣ ሰዓቱን ጠየቁና፣ አለቀሱ። እማሆይ ሲያለቅሱ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየሁት። በማግስቱ ሳህኑ እንደገና ሳይነካ ተመለሰ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ለአያ ሙሉቀን በሹክሹክታ ስትነግረው ሰማሁ። ባለሙያዋ «ዳግመኛ እንዲህ ከጣላቸው ላይነሡ ይችላሉ» ብላለች።

ይህን ሰምቼ ብዙ አሰብሁ። ከዚያ አያ ሙሉቀንን ብቻውን አገኘሁት።

«እማሆይ የጀመሩት ከየት ነው?»

«ምኑን?»

«መጀመሪያ የተነሡት ከየት ነው?»

«የተወለዱት ዳባት ነው» አለኝ።

ልቤ አረፈ። ዳባት ሩቅ አይደለም። ልባቸው አልቆ ቁጭ ቢሉ፣ ዳባት ላይ ደህና ሆነው ይነሣሉ፤ እኛም በሚኒባስ ሄደን እናመጣቸዋለን። ሚኒባሱ ላይ በመስኮቱ በኩል እንደምቀመጥ ሁሉ ወስኛለሁ። እንዲያ ሆኜ ግማሽ ቀን ያህል በሰላም ዋልሁ። በኋላ ግን አምና የቀበርናቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ትዝ አሉኝ። እሳቸው የተወለዱት እዚሁ ደባርቅ፣ ያውም እኛው ሰፈር ነው። ተነሥተው ቢሆን ኖሮ እስካሁን እናያቸው ነበር። እንዲህ ብዬ ሳስብ ያደረብኝ ፍርሃት ዛሬም ከነቦታው ትዝ ይለኛል፤ ከጎተራው አጠገብ፣ የጣሪያው ውኃ ባልዲው ውስጥ እየተንጠባጠበ።

መምሬ ታከለ ከቅዳሴ በኋላ እማሆይን ሊጠይቁ መጡ። ዝናቡ አላስወጣ ስላላቸው የእማሆይ ክፍል ውስጥ ከሰሉ አጠገብ ተቀምጠው እግራቸውን ያሞቃሉ። እኔ ጌሙን ይዤ ፊታቸው ቆምሁ።

«መምሬ፣ መነኩሴ ቢደክም ምግብ ይበላል?»

ስለማን እንደጠየቅሁ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ጌሙን ግን ዘርግቼላቸው ነበር። መምሬ ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁና ተመለከቱት። ባለ ቢጫ ቆቡ ድልድዩ ሥር ቁጭ ብሎ ያዛጋል።

«ምን ሆኖ ነው?»

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሥጋውን፣ ፍልሰታውን፣ ድልድዩን፣ ሳህን ይዘው የሚመላለሱትን አሮጊት። መምሬ ሳቅ ይዟቸው ጢማቸው ተንቀሳቀሰ፤ ግን አልሳቁም።

«የሚያንቀሳቅሰው ማነው?»

«እኛ ነን።»

«እሱ ራሱ አልበላም ብሏል?»

«አላለም።»

«እንግዲያ የጾመው እሱ አይደለም። እናንተ ናችሁ በእሱ ሆድ የምትጾሙ። በሰው ሆድ መጾም ደግሞ ይቀላል።» ጌሙን መለሱልኝ። «የተላከለትን ይጠጣና ይሂድ።»

እማሆይ ከመደባቸው ሆነው ጣልቃ ገቡ። «እኔ በራሴ ሆድ ነው የምጾመው፣ አባቴ።»

«እውነትዎ ነው፣ እማሆይ። ሲወድቁ ግን በማን ክንድ ነው የሚነሡ? ምራትዎ ናት የምታነሣዎ። ይችም ልጅ ምን እንዳየች እግዜር ይወቅ።» ቃላቸው እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። «እኔ ብሉ ያልሁዎት ለሆድዎ አስቤ መሰለዎት? መብላቱን ራሱን ነው እንደ ጾም ያዘዝሁዎት። ረኃብማ ለምደውታል፤ ምን ይከብድዎታል።»

እማሆይ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። መምሬ ዝናቡ ጋብ ሲል ጥላቸውን ይዘው ወጡ።

እኔና እንዳለ ግን ተፈትቶልናል። መነኩሴው ድልድዩ ሥር ተቀመጠ፤ አሮጊቷ እንደ ልማዳቸው መጡ፤ ተቀበል የሚለውን ተጫንሁት። ልቦቹ አንድ በአንድ ሞሉ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለመናገርም ያሳፍራል። እንቅልፋሙ ጥላ አንዴ አስነጥሶ ጠፋ፤ ተራራው ላይ ወጣን፤ መብራቱ በራ፤ እራት ሳይደርስ ጌሙ አለቀ። ያን ሁሉ ሳምንት የታገልንበት ጨዋታ አያ ሙሉቀን እንዳለው የሕፃን ጨዋታ ነበር። ቅር አለኝ። ብናበላው ኖሮ እኮ በሐምሌ እንጨርሰው ነበር፤ ግን በሐምሌ ብንጨርሰው ኖሮ እንደማንም እንረሳው ነበር።

መጨረሻው ላይ ባለ ቢጫ ቆቡ ወደ አንዲት ትንሽ ቤት ይገባል። እናት አለችው። ቆቡን አውልቆ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ይሰቅላል፤ ጸጉሩ የተንጨባረረ ተራ ልጅ ነው። ገበታ ቀርቦ ይጠብቀዋል።

እኔና እንዳለ ደንግጠን ወደ እማሆይ ዞርን። እያዩ ነበር።

«ቆቡን ጣለው?»

«አልጣለውም፣ እማሆይ። ሰቀለው።»

«ቤቱ ነው?»

«ቤቱ ይመስላል።»

«አትንኪው፤ ይቀመጥ» አሉኝ። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ያንን ገበታ አብረን ስናይ ቆየን። ያን ዕለት ለምን እንደሆነ ሳላውቅ እማሆይን በጣም ወደድኋቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሳህኑን ይዤ ገባሁ። ኪኒኑን አልዋጡም፤ መዳፋቸው ላይ ይዘውታል።

«ትርንጎ፣ እጄን አስታጥቢኝ» አሉኝ።

አስታጠብኋቸው። ሳህኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ባረኩ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያነሡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲያኝኩ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ጀርባቸው ብቻ ይታየኛል፤ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል። እንዳለ እንደ ልማዱ ድርሻውን ሊቀበል በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚመጣ የለም፤ ተበሳጭቶ ሄደ። ሳህኑ አለቀ። ኪኒኑን ዋጡ። ሲዞሩ ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ ሊጠርጉትም አልሞከሩ።

«እስከ ዛሬ የጾምሁት ቀላሉን ነው» አሉኝ። «ከባዱ ዛሬ ጀመረ።»

ባዶውን ሳህን ይዤ ወደ እናቴ ሮጥሁ። ከደስታ ይልቅ የያዘኝ ጭንቀት ነበር። እማሆይ ከፍልሰታ የባሰ ሌላ ጾም እንደ ጀመሩ፣ አሁንማ ጨርሶ እንደማይበሉ ነገርኋት። እናቴ ያሉትን ቃል በቃል አስደገመችኝ። ከዚያ ሳህኑን ከእጄ ወስዳ፣ ምንም ያልቀረበትን ሳህን፣ ቆማ አየችው።

«ነገም ይዘሽላቸው ሂጅ» አለችኝ።

በማግስቱ ሌሊቱን ያደረው ዝናብ አላባራም ነበር። ሳህኑን በነጠላዬ ሸፍኜ ቀስ እያልሁ ሄድሁ፤ እንዲመልሱብኝ ስለፈራሁ መድረሱን አልወደድሁትም። በሩ ላይ ትንሽ ቆምሁ። ከዚያ በክርኔ ገፋ አደረግሁት። እማሆይ እጃቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ይጠብቁኝ ነበር።